ሁለት ቀን ከአባትሽ ጎን

ከልደታ የደረሰን የአንዲት አንባቢያችን ደብዳቤ እንዲህ ይላል። አባቷ ከደባርቅ ወዲያ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ገብተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። አሁን ዕድሜያቸው ገፍቷል። «አገሬን በመኪና እያየሁ አንድ ጊዜ ልመለስባት» ይላሉ። እስከ ጎንደር በአውሮፕላን እንሂድ ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ። እሷን ያስጨነቃት ግን ርቀቱ አይደለም። «ያኔ ደሴ አብረን ስንሄድ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስልኬን ስነካካ፣ ከዚያም ተኝቼ ደረስኩ። አባቴ መንገዱን ሙሉ ያጫወተው ሾፌሩን ነበር። አሁንም አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው ሳልሆን እንዳይቀር ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የመንገዱ ሰላም ይቅደም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ይህ መስመር አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ሰውም ሲታገትበት ቆይቷል። እዚያው ያሉ ዘመዶቻችሁንና መስመሩን የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ። «ተዉ፣ ይቆይ» ካሏችሁ ይቆይ። አባትሽ ቢከፉም ይቆይ።

ሰላም ነው ከተባለ፣ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ከተሽ ቦርሳውን ከኋላ ዕቃው ጋር ጫኚው። እጅ ላይ ያለ ስልክ ሳይጮህም ይጠራል። ፎቶ ማንሳት ካማረሽ መኪናው ሲቆም ይበቃሻል። ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል በጠመዝማዛ ነው። ዓይንሽ ስልኩ ላይ ተተክሎ «ቆመናል» ሲል፣ ጆሮሽ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ «ኧረ እየዞርን ነው» ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ የሚያስመልሰው አንቺን ነው! ሩቅ ሩቁን የሚያይ ሰው ይሻለዋል።

ትልቁ ነገር ግን ጨዋታው ነው። ብዙ ልጆች «አባዬ፣ እስቲ የልጅነት ታሪክህን ንገረኝ» ብለው ይጀምራሉ። ይሄ እኮ የፖሊስ ምርመራ ነው። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲባል «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ብሎ ዝም ይላል። አንቺ በመስኮት የሚታየውን ጠይቂ። ያ ዛፍ ምን ይባላል? ይሄ ማሳ ጤፍ ነው ስንዴ? እናንተ አገር በዚህ ወር ምን ይታጨዳል? አንድ ዋንዛ ከጥላው ስር ማን እንደተዳኘ፣ ማን እንደታረቀ፣ ማን ከብት ሲጠብቅ እንቅልፍ ወስዶት እንደተገረፈ ጎትቶ ያመጣል። ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ካያችሁ ውረዱና ቁጭ በሉ። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ይህ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። ተቀምጦ ሣር በእጁ እየነጨ ሲበላ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ ማየት ነው። ገዳሙ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳት የተጨፈጨፉበት ነው፤ አባትሽ ከአባታቸው የሰሙት አይጠፋም።

ዓባይ ሲደርሱ ሁሉም ሰው ይነቃል። ሙቀቱ ይቀበላችኋል፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ታያላችሁ፣ ጆሮም ይደፈናል። ፈተናው ደጀን ከወጣችሁ በኋላ ያለው የጎጃም ሜዳ ነው። ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ ማሳ። ያኔ ሐሳብ ሹልክ ብሎ ልደታ ይመለሳል፤ የመብራት ክፍያ፣ የአለቃ ቁጣ፣ ያልታጠበ ልብስ። ሲሄድብሽ ራስሽን አትቆጪ፤ ሥራ ስጪው። እርሻው መሀል እንደ ደሴት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ብቅ ሲል ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። በዙሪያው ያለው ደን ጠፍቶ ጽዱና ወይራው የተረፈው በታቦቱ ግቢ ነው። ቀድሞ ያየ ይቁጠር ብላችሁ ተወራረዱ። አባትሽ እንደሚያሸንፉሽ ከአሁኑ እነግርሻለሁ።

ዝም ካሉ ደግሞ ዝም በይ። የሚያሳፍር ዝምታ የሚመስለን ከተሜዎቹን ነው፤ ገበሬ ለገበሬ ግማሽ ቀን ሳይነጋገር አብሮ ይሄዳል። በተለይ ከደባርቅ አልፋችሁ ሊማሊሞ አፋፍ ስትደርሱ ጥያቄሽን ሁሉ ዋጪው። ጣልያን በወረራው ዘመን ያወጣው መንገድ ከእግራችሁ ስር ተጠማዞ ሲወርድ፣ ወዲያ ማዶ የስሜን ተራሮች እንደተሰበረ ግንብ ሲቆሙ፣ እሳቸው የሚያዩት አንቺ የምታዪውን ብቻ አይደለም። ምናልባት ያለቅሱ ይሆናል። «አይዞህ» አትበያቸው፤ ሶፍትም አታቀብዪ። ሾፌሩ ጥግ ይዞ ሞተሩን ያጥፋ፣ እስኪበቃቸው ይቁሙ።

እስከ ጎንደር ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ባሕር ዳር እደሩ፤ በአንድ ቀን እንግባ የሚል ሾፌር ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ጋቢም ያዢላቸው። ደባርቅ ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ጥቅምት ላይ ማታው ይቆረጥማል።