ወንበሩ ሳይቀድመን


በወንበር መስገድ ለታመመ የተፈቀደ ነው። እኛ ወጣቶች ግን በስንፍናችን ወደዚያ ወንበር እየሄድን እንዳይሆን።

«ኪሎዬ አልጨመረም» እያልን እንጽናናለን። ሚዛን ግን ጡንቻን ከስብ አይለይም። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ካልሠራንበት ስብ ይተካዋል።

እኛ የካዛንቺስ ልጆች ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶልን ለአንድ ፌርማታ ታክሲ እንጠብቃለን፤ ከዐስር በኋላ በርጫ ላይ በለስላሳ እናመሻለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ እንድንተው አስተምረውናል።

ከፈጅር በኋላ እስከ መስቀል አደባባይ በእግር እንሂድ። በሳምንት 2 ቀን ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ እንሥራ። ከሻያችን ስኳር እንቀንስ። በ60 ዓመታችን ሱጁድ የምንወርድበትን ጉልበት የምናጠራቅመው ዛሬ ነው።