የመርከቦች ጩኸት መመሪያ አስገዳጅ ይሁን

ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት (አይኤምኦ) የንግድ መርከቦች ከውኃ በታች የሚያሰሙትን ጩኸት እንዲቀንሱ የሚመክር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 አውጥቶ በ2023 ቢያሻሽለውም፣ አፈጻጸሙ ለባለመርከቦች በጎ ፈቃድ የተተወ በመሆኑ ያልፈጸመውን የሚጠይቅ አካል የለም። በዚህ ጋዜጣ እምነት መመሪያው አስገዳጅ ሊሆን ይገባል።

ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል፣ ማለትም በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ይጓዛል፤ ብርሃን ደግሞ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ፈጥኖ ስለሚደክም፣ ብዙ ዓሦች ከዓይናቸው ይልቅ በመስማት ችሎታቸው ይተማመናሉ። ጆሯቸው ከውጭ አይታይም፤ በራስ ቅላቸው ውስጥ ያሉ የጆሮ ድንጋይ የሚባሉ ጠጣር ቅንጣቶች ግን ፀጉር መሰል ሕዋሳትን እያነቃነቁ ንዝረትን ለአንጎል ያደርሳሉ። ሃዶክ የተባለው የሰሜን አትላንቲክ ዓሣ ወንዱ በመራቢያ ወቅት፣ በሆዱ ያለውን የአየር ከረጢት በጡንቻ እየመታ እንደ ከበሮ ያሰማል፤ መጠናናቱ ሲጠና ምቱን ያፈጥነዋል። ፕሮፔለር በፍጥነት ሲሽከረከር የሚፈጥራቸው አረፋዎች እየፈነዱ የሚያወጡት ወፍራም ድምፅ እንዲህ ያለውን ጥሪ ሊውጠው ይችላል።

ጉዳቱ እስከ ዓሣ አጥማጁ መረብ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 የኖርዌይ ተመራማሪዎች በባሬንትስ ባሕር፣ ለነዳጅ ፍለጋ የታመቀ አየር በቅጽበት የሚለቅ መሣሪያ ሲተኮስ ያጠኑ ሲሆን፣ በትሮል መረብ የሚያዘው የኮድና የሃዶክ መጠን በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ ቅነሳው እስከ 33 ኪሎ ሜትር ርቀት የታየ ሲሆን፣ ተኩሱ ካበቃ ከአምስት ቀን በኋላም መጠኑ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። እርግጥ ነው፣ የመርከብ ሞተር የዚያን መሣሪያ ያህል አይጮኽም፤ ነገር ግን መሣሪያው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፣ የመርከቦች ምልልስ ግን ሌት ተቀን አያባራም።

መፍትሔው አዲስ ግኝት የሚጠብቅ አይደለም። ፍጥነት መቀነስ የአብዛኞቹን መርከቦች ጩኸት ከማብረዱም በላይ ነዳጅ ይቆጥባል፤ የፕሮፔለር ቅርጽን ማሻሻልና ንጽሕናውን መጠበቅም እንዲሁ ያግዛል። ከነዳጅ ፍሳሽ በተለየ፣ ጩኸት ምንጩ ሲቆም አብሮ ይጠፋል፤ ለማዘግየት የሚቀርበው ምክንያት ሚዛን የማይደፋውም ለዚህ ነው። የባሕር በር ባይኖራትም መርከቦች ያሏትና የድርጅቱ አባል የሆነችው ኢትዮጵያ፣ ግዴታው ከአዲስ ተሠሪ መርከቦች እንዲጀምርና ነባሮቹ የመሸጋገሪያ ጊዜ እንዲሰጣቸው በድርጅቱ ጉባኤ ልትሟገት ይገባል።