ለማኅበር የሚገዛ ትራክተር ስንት የፈረስ ጉልበት ይኑረው?

በአሁኑ ጊዜ በየወረዳው የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚመክሩባቸው ጉዳዮች አንዱ የትራክተር ግዥ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የበሬ ዋጋ ከዓመት ዓመት እየናረ፣ የግጦሹ መሬት እየታረሰ ሄዷል። ጥማድ ያልሞላለት ገበሬ በመቀናጆ ካልሆነ፣ በሬ ጨርሶ የሌለው ደግሞ መሬቱን በእኩል ካልሰጠ በቀር ማሳው ጦም ያድራል። በሌላ በኩል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ ወደ አገር እንዲገቡ በመፈቀዱና የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚሰጡ ኩባንያዎች በመቋቋማቸው፣ ቀድሞ የማይታሰብ የነበረው ግዥ በማኅበር አቅም ሊሞከር የሚችል ሆኗል።

ይሁን እንጂ ግዥው ሲታሰብ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በትልቁ ትራክተር ላይ ነው። ትልቅ ትራክተር ግርማ አለው፤ ድምፁም ያጠግባል። ነገር ግን ማሳው ጠባብ፣ አገሩ ደጋ፣ አፈሩ መረሬ በሆነበት ሥፍራ የትራክተሩ መጠን ከማሳው ጋር ካልተመዛዘነ ውጤቱ ዕዳ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ሻጩ ሳይሆን የማኅበሩ አባል ነው።

ትራክተር ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ ታሪኩ ግን ሁልጊዜ ያማረ አልነበረም። በስዊድን ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በተቋቋመበት በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በአርሲ ስንዴ አብቃይ ወረዳዎች ትራክተር በገባ ጊዜ፣ ባለ ርስቶቹ መሬቱን በሞተር ማረስ አዋጭ ሆኖ ስላገኙት አያሌ ጭሰኞችን አፈናቅለዋል። መሣሪያው ጉልበትን ሊያግዝ መጥቶ ሰውን ከመሬት ነቀለ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የባለ ርስትና የጭሰኛን ሥርዓት ካስወገደ በኋላም ቢሆን፣ በ1970ዎቹ ትራክተሮች በብዛት የተሰማሩት በመንግሥት እርሻዎችና በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። በመሆኑም የትራክተሩ መጠን የተመረጠው ለሰፋፊ ማሳ እንጂ ለሦስት ጥማድ መሬት አልነበረም። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ በአስተሳሰብ ላይ ተጽዕኖ አለው።

ስለዚህ መጀመሪያ መለካት ያለበት ትራክተሩ ሳይሆን መሬቱ ነው። ለምሳሌ ያህል 120 አባወራዎችና እማወራዎች ያሉበት አንድ ማኅበር እንውሰድ። እያንዳንዱ አባል በአማካይ ሦስት ጥማድ አለው እንበል። ጥማድ ከአገር አገር ቢለያይም አራቱ አንድ ሄክታር ያህል ስለሚሆን፣ የማኅበሩ መሬት በጠቅላላው 90 ሄክታር ይደርሳል። ገመሳውን ለመጨረስ ያለው ጊዜ ከመጀመሪያው ዝናብ አንሥቶ አንድ ወር ነው ቢባል፣ በዓሉና አፈሩ የሚጨቀይበት ቀን ተቀንሶ ለሥራ የሚተርፈው 25 ቀን ገደማ ነው። በቀን 3.6 ሄክታር መታረስ አለበት ማለት ነው።

አንድ ትራክተር በቀን ስንት ያርሳል? የማረሻው ስፋት በሜትር፣ ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር ተባዝቶ ለአሥር ሲካፈል በሰዓት የሚታረሰውን ሄክታር ይሰጣል። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆርጣል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በወረቀት ላይ በሰዓት 0.45 ሄክታር ይሆናል። ዳሩ ግን ትራክተሩ በማሳው ጫፍ ይዞራል፣ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይጓዛል፣ የባለቤቱን ድንበር ለማየት ይቆማል። ማሳው ቁርጥራጭ በሆነበት አገር የሰዓቱ ግማሽ በዚህ ሊያልቅ ይችላል። እንዲህ ሲሆን በስምንት ሰዓት ሥራ የሚታረሰው 1.8 ሄክታር ብቻ ነው። ባለ ሁለት ዲስክ የሚጎትት መካከለኛ ትራክተር ግን በጠባብ ቦታ በቀላሉ ስለሚዞር ከሰዓቱ 60 በመቶውን ለሥራ ቢያውል፣ በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና በዚያው ፍጥነት በቀን 1.44 ሄክታር ያርሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ትልቁ ትራክተር በዲስክ ብዛት በግማሽ ይበልጣል፤ በሚያርሰው መሬት ግን የሚበልጠው በሩብ ብቻ ነው። ማሳው ባነሰ ቁጥር የትልቁ ብልጫ እየተሟጠጠ ይሄዳል። በተጠቀሰው ማኅበር ትልቁ ትራክተር ብቻውን ሥራውን በሃምሳ ቀን ነው የሚጨርሰው፤ በ25 ቀን ሊያደርስ የሚችለው ሁለት ሾፌሮች በፈረቃ ሲያሠሩት ነው። ሁለት መካከለኛ ትራክተሮች ግን በአንድ ፈረቃ በ31 ቀን ገደማ ይጨርሳሉ። አንዱ ቢሰበርም ሌላው አለ። በዘር ወቅት መለዋወጫ ሲጠበቅ የሚያልፈው ሳምንት የዓመቱ እህል መሆኑን ገበሬው ያውቃል።

ኩታ ገጠም እርሻ ሲሆን ግን ስሌቱ ይለወጣል። ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች አንድ ዓይነት ሰብል ለመዝራት ተስማምተው እንደ አንድ ሰፊ ማሳ ከታረሱ፣ ከሰዓቱ ሦስት አራተኛው ለሥራ ሊውል ይችላል። ያው ባለ ሦስት ዲስክ ትራክተር ከ1.8 ወደ 2.7 ሄክታር ከፍ ይላል። ስለሆነም በኩታ ገጠም ስምምነት ያላደረገ ማኅበር ትልቅ ትራክተር ከመግዛቱ በፊት ስምምነቱን ማስቀደም ይኖርበታል። ስምምነቱ ዋጋ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስብሰባና ትዕግሥት ነው።

ደጋው የሚወስደው ጉልበት

ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት፣ ገዢዎችም የማይጠይቁት አንድ ጉዳይ አለ። በትራክተሩ መግለጫ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የሚለካው በቆላው አየር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ናፍጣውን ለማቃጠል የሚያስፈልገውን አየር አያገኝም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል እንደሚያጣ ይገመታል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አሰላ አካባቢ ይህ ከሃያ በመቶ በላይ ይደርሳል። 50 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ትራክተር በተግባር ከ38 እስከ 40 ብቻ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይማ ከዚያም ይብሳል። ጥቁር ጢስ እየተፋ የሚያቃስት ትራክተር ሁሉ ሞተሩ የታመመ አይደለም፤ አየር ያጠረውም አለ።

ከሞተሩ የወጣውም ጉልበት ቢሆን ሁሉም ማረሻው ላይ አይደርስም። በጥርሶቹና በጎማው መንሸራተት ብዙው ስለሚባክን፣ በማሳ ላይ ለመጎተት የሚተርፈው ከግማሽ ጥቂት ከፍ የሚል ነው። በከባድ አፈር በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለማረስ ደግሞ አንዱ ዲስክ ብቻ ወደ 9 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ መጎተቻ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲደማመር በደጋ መረሬ ላይ ለሁለት ዲስክ ከ45 እስከ 50፣ ለሦስት ዲስክ ከ65 እስከ 75 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ያስፈልጋል። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ የሚገዛው ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ትራክተር እዚያው ከፍታ ላይ የሚጎትተው አንድ ዲስክ ነው። እርግጥ ነው፣ ጥንድ በሬ የሚሰጠው ጉልበት አንድ የፈረስ ጉልበት ገደማ ስለሆነ ትንሹም ከበሬ ይበልጣል። ነገር ግን በባለ ሁለት ዲስክ ዋጋ የተስማማ ማኅበር አንድ ዲስክ ማግኘቱን በማሳው ላይ ሲረዳ ማዘኑ አይቀርም። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ኪሳራ በአብዛኛው ስለሚያካክስ፣ ለደጋ አገር የሚገዛ ከሆነ ስለ ቱርቦው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ክብደትም እንዲሁ ይታሰብበታል። በጣም ቀላል ትራክተር ጎማው ይንሸራተታል፤ በጣም ከባዱ ደግሞ እርጥብ መረሬን ረግጦ ያደድረዋል፤ ውሃም ወደታች መስረግ ይሳነዋል። ከማረሻው ጥልቀት አፈር ቆንጥሮ በእጅ ሲያድቦለቡሉት እንደ ሊጥ ከተሳበ ትራክተር የሚገባበት ጊዜ አይደለም። ዳገታማ በሆነና እርከን በተሠራበት መሬት ላይ ባለ አራት ጎማ ትራክተር ለሾፌሩ ሕይወት አስጊ ነው። በ100 ሜትር 15 ሜትር ከሚወጣ ዳገት በላይ በሬ ይሻላል። ከመገልበጥ የሚጠብቅ የብረት ቅስት የሌለው ትራክተር ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ መግዛት አይገባም።

ባለ ሁለት ጎማውስ?

ሾፌሩ ከኋላ እየተራመደ የሚመራው፣ ከ8 እስከ 16 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ለጠባብ ማሳ መፍትሔ ሆኖ ሲቀርብ ቆይቷል። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ከአገሮቹ ተቋማት ጋር ሆኖ ሞክሮታል። ከሁሉ የሚጠቀሰው ግን የባንግላዴሽ ተሞክሮ ነው። በዚያ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 የደረሰው የተፈጥሮ አደጋ የእርሻ ከብቱን ከጨረሰ በኋላ፣ መንግሥቱ በትናንሽ የቻይና መሣሪያዎች ላይ የነበረውን የማስገቢያ ገደብና ቀረጥ አነሣ። ዛሬ አብዛኛው መሬት የሚታረሰው በሞተር ሲሆን፣ ትራክተሩን የገዛው ገበሬ የጎረቤቱን ማሳ በክፍያ ያርሳል።

ሆኖም የባንግላዴሽ መሬት ሜዳ፣ አፈሩም በውሃ የራሰ የሩዝ ማሳ ነው። የእኛ ደረቅ መረሬ በገመሳ ጊዜ እንደ ጡብ የሚሰነጠቅ ነው። ባለ ሁለት ጎማው መጀመሪያውን ገመሳ በዚህ አፈር ላይ ይሠራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት እያረሰ አንድ ሄክታር ለመጨረስ ሾፌሩ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ መራመድ አለበት። በበሬ የሚያርስ ገበሬ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ትልም እያወጣ ለአንድ ሄክታር 40 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ እፎይታው ትልቅ ነው፤ ሆኖም በቀን ሁለት ጥማድ ቢያርስ መልካም ነው። ለመስኖ አትክልት፣ ለቀላል አፈር፣ ለውሃ መሳቢያና ለመውቂያ ግን ሁነኛ ነው። ለወጣቶች ቡድን መቋቋሚያ ከሚሰጡ መሣሪያዎች መካከልም የተሻለው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ የትራክተር ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። ናፍጣና የሾፌር አበል በሥራ መጠን ይጨምራሉ። እርጅናውና የብድሩ ወለድ ግን ትራክተሩ ቆሞም ይቆጠራሉ። የእነዚህ የዓመት ድምር 600,000 ብር ነው ብለን ብናስብ፣ ትራክተሩ 90 ሄክታር ብቻ ገምሶ ከቆመ በእያንዳንዱ ሄክታር ላይ 6,667 ብር ያርፋል። ይህም ናፍጣው ሳይጨመር ነው። መከስከሻ፣ ተሳቢና መውቂያ ተጨምሮለት፣ ለአጎራባች ማኅበራትም አርሶ 300 ሄክታር የሚያህል ሥራ ከሠራ ግን 2,000 ብር ብቻ ይሆናል። በመሆኑም ማረሻውን ብቻ ከትራክተሩ ጋር ገዝቶ ሌላውን ለሚመጣው ዓመት ማለት ኪሳራን በገዛ እጅ መጋበዝ ነው። በአርሲና በባሌ ኮምባይነር ያላቸው ግለሰቦች በየወረዳው እየተዘዋወሩ በክፍያ የሚያጭዱት መሣሪያው ቆሞ መዋል እንደሌለበት ስለሚያውቁ ነው። እንዲያውም ማኅበሩ ከመግዛቱ በፊት አንድ ወቅት ትራክተር ተከራይቶ ቢያሳርስና ሰዓቱን፣ ናፍጣውንና የታረሰውን ጥማድ በመዝገብ ቢይዝ፣ ከማንኛውም የሻጭ መግለጫ የበለጠ እውቀት ያገኛል።

ከፍ ብሎ እንደተገለጸው ትራክተር ሰው ሊያፈናቅልም፣ ሰው ሊያድንም ይችላል። በእኩል አርሶላት የምርቷን ግማሽ የሚወስድባት ባሏ የሞተባት እማወራ፣ የማሳረሻው ዋጋ በመኸር ጊዜ የሚከፈል ከሆነ ምርቷን ለራሷ ታስቀራለች። ክፍያው በቅድሚያ በጥሬ ገንዘብ ከተባለ ግን ትራክተሩ የሚያርሰው ገንዘብ ላለው ብቻ ይሆናል። የተራው አወሳሰንም እንዲሁ ነው። የኮሚቴ አባላት ማሳ ቀድሞ ታርሶ የሌላው ዝናብ ካለፈ በኋላ የሚታረስ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት የብድሩን ድርሻ የሚያዋጣ አባል አይገኝም። ተራው በአካባቢ፣ ከአንድ ጫፍ ተጀምሮ ማሳ ሳይዘለል ቢሄድ ናፍጣም ይቆጥባል፤ አድልዎንም ያስቀራል። ጥማድ ኖሯቸው በማከራየት የሚተዳደሩ አባላትም አይረሱም። ገመሳውን ለትራክተር፣ ዘር መሸፈኛውንና ዳገቱን ለበሬ መመደብ ሁለቱንም ያኖራል።

ለግዥ የሚሄዱት የማኅበሩ ተወካዮች ትራክተሩን በሻጩ ግቢ ሳይሆን በራሳቸው ማሳ ላይ እንዲያዩት ቢጠይቁ መልካም ነው። ፈተናው ቀላል ነው። በኋላ ጎማው ላይ በኖራ ምልክት ይደረግና ማረሻው ተነሥቶ ጎማው አሥር ጊዜ ሲዞር የተሄደው ርቀት ይለካል፤ ከዚያም ማረሻው አፈር ውስጥ ገብቶ እንደገና ይለካል። ያለ ሥራ 40 ሜትር የሄደው በሥራ ላይ 34 ሜትር ከሄደ መንሸራተቱ 15 በመቶ ነው፤ ይህም ደህና ነው። 30 ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ግን ወይ ትራክተሩ ቀልሏል፣ ወይ ማረሻው በዝቶበታል። በውሉ ላይ የናፍጣ፣ የዘይትና የአየር ማጣሪያዎች ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚበቁ ሆነው አብረው እንዲቀርቡ፣ ሁለት ሾፌሮች እንዲሠለጥኑና ለጥገና የሚመጣው ባለሙያ በስንት ቀን ውስጥ መድረስ እንዳለበት በቁጥር ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ ትራክተሩ በማኅበሩ ማሳ ላይ ያለ እክል አንድ ሳምንት ካረሰ በኋላ እንዲሆን መደራደርም ይቻላል።