የኅሩይ የመጨረሻ ማደሪያ



በምዕራቡ ዓለም የታወቀ ደራሲ የኖረበትን ቤት ተከራይቶ ማደር የተለመደ ነው። በአሜሪካ በቬርሞንት ግዛት ሩድያርድ ኪፕሊንግ ሠርቶ የኖረበት፣ ናውላካ የተባለው ቤት ለእንግዶች ይከራያል። ገንዘብ ያለው ገብቶ ያድርበታል። የእኛ ታላቅ ደራሲ ግን በባዕድ አገር ቤት ያደሩት በስደት ነበር።

ቤቱ ፌርፊልድ ይባላል። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ይገኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 እ.ኤ.አ. ገዝተው የስደት ዘመናቸውን አሳለፉበት። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውንም ማዘጋጀት የጀመሩት በባዝ ሳሉ ነው። አብረዋቸው የተሰደዱት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመስከረም 1938 በዚሁ ቤት አረፉ። «ወዳጄ ልቤ»ንና «አዲስ ዓለም»ን የጻፉልን፣ የጃፓን ጉዟቸውንም በመጽሐፍ ያስነበቡን እኒህ ሰው የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ በባዕድ አፈር ተቀበሩ። አፅማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ጠላት ከወጣ በኋላ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «የንጉሥ ቤት ለተማሪ ምኑ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በስደቱ ዘመን የገንዘብ ችግር የነበረበት ቤት እንኳ ቢሆን፣ የዘውድ ቤት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ቤቱ በ1958 ለባዝ ከተማ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ተሰጥቷል። ቤቱ ከዘውድ እጅ ከወጣ ቆይቷል፤ ታሪኩን ግን እኛው ራሳችን ለዘውድ ብቻ ትተነዋል። ስለ ፌርፊልድ ሲወራ የንጉሠ ነገሥቱ ስም ይነሣል፤ የደራሲው ስም ይዘለላል። ይህ ደግሞ ዘውዱን ለሚወድም ሆነ ለሚነቅፍ ወገን እኩል ጉድለት ነው።

ስለሆነም ለዕረፍት ወደ እንግሊዝ የሚሄዱ ወገኖች ባዝ ሲደርሱ ኅሩይንም ይጠይቁ፤ ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው ለማኅበሩ ያምጡ። በደማምና በኾበር የምንገኝ ደግሞ ቢያንስ አንድ መጽሐፋቸውን በጋራ አንብበን እንወያይ። ለዚህ ቪዛም የአውሮፕላን ቲኬትም አያስፈልግም። የደራሲ እውነተኛ ማደሪያ አንባቢው ነው፤ እኛ ካላነበብናቸው ኅሩይ ዛሬም ስደተኛ ናቸው።