ለዕውቀት የሚጨበጨብበት አደባባይ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚወዳደሩበት «ኢትስ አካዴሚክ» የተባለው የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ መርሐ ግብር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ተጀምሮ እስከ ዘመናችን በመዝለቁ በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ዕድሜ ጠገቡ የቴሌቪዥን የጥያቄ ውድድር ተብሎ ሲጻፍ፣ እኛም ለልጆቻችን ዕውቀት ምን ያህል የአደባባይ ክብር እንደምንሰጥ ራሳችንን ልንመረምር ይገባናል።

ሶፊ አልትማን የተባሉት ወይዘሮ የመሠረቱት የዚህ ውድድር ሥርዓት እጅግ ቀላል ነው። ከሦስት ትምህርት ቤቶች ሦስት ሦስት ተማሪዎች ቀርበው ስለ ታሪክ፣ ስለ ሒሳብ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ሥነ ፍጥረት ይጠየቃሉ። ጠያቂው ማክ ማክጋሪም እስከ 2011 ድረስ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ፣ በመጠየቂያው ወንበር ላይ ጸንተው ተቀምጠዋል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ለኳስ ተጫዋቾች የሚጨፍሩት ቡድኖችና የትምህርት ቤቱ ሙዚቀኞች በውድድሩ አዳራሽ ተሰብስበው፣ አንዲት ልጃገረድ የሒሳብ ስሌት በትክክል ስለ መለሰች እልል ማለታቸው ነው።

«ፈጥኖ መመለስ ጥበብ አይደለም፤ በቃል ማጥናትም ማስተዋልን አይተካም» የሚል ተቃዋሚ ቢነሣ፣ እውነት አለውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ሳያረጋግጥ ቸኩሎ የመለሰ ነጥብ ስለሚቀነስበት፣ ውድድሩ ከፍጥነት ጋር ራስን መግታትንም ያስተምራል። ደግሞስ የአበው ትምህርት በአደባባይ የሚፈተን አልነበረምን? የቅኔ ደቀ መዝሙር የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት አቅርቦ ይታረማል፤ በበዓል ቀንም በማኅሌት የተዋጣለት ቅኔ ሲሰማ ሊቃውንቱ «ይበል!» ብለው ያከብሩታል። ሊቃውንቱ ያን ክብር ያልነፈጉት፣ ዕውቀት በጓዳ ቢጸነስም በማኅበር መካከል ሲመሰገን እንደሚበረታ ስለሚያውቁ ነው።

በአገራችን በየትምህርት ቤቱ የጥያቄና መልስ ውድድር መደረጉ የታወቀ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ወጥቶ ለከተማው ሕዝብ አይታይም። እንግዲህ የየክልሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በሚያሰራጩበት ቋንቋ፣ በሳምንት አንድ ቀን በታወቀ ሰዓት፣ በዙሪያቸው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ቢያወዳድሩ፣ ከፊዚክስና ከሒሳብ ጋር ስለ አክሱም ሐውልትና ስለ ዓባይ ተፋሰስ ቢጠይቁ፣ ወላጆችንም ወደ አዳራሹ ቢጋብዙ፣ ወጪው ለአንድ የበዓል ዝግጅት ከሚፈሰው የሚበልጥ አይመስለኝም። በዋሽንግተን አካባቢ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው በ«ኢትስ አካዴሚክ» ወንበር ለመቀመጥ እንዲጣጣሩ ቢያበረታቷቸው መልካም ነው።

ሥራው ግን ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ የዋሽንግተኑ ውድድር እንኳ ከስድሳ ዓመት በኋላ ከጥንት ጣቢያው ሲለይ በ2022 የሕዝብ ጣቢያ የሆነው ዌታ ተቀብሎት ነው ዘመኑ የቀጠለለት። ስለዚህ ይህን የሚጀምር ጣቢያ ለመጀመሪያው ቀን ድምቀት ከሚጨነቅ ይልቅ፣ ለአሥረኛው ዓመት የሚበቃ በጀትና ጠያቂውን የሚተካ ሰው አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን ተራው ሲደርስ ወንበሩን ሊያገኘው የሚችለው ያን ጊዜ ነውና።