ፋይል ለመቁረጥ ዶላርም ምስጢርም አይከፈልም

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የነጋዴው ወረቀት መልኩን ለውጧል፡፡ ቀድሞ በፖስታ ታሽጎ በእጅ ይገባ የነበረው የጨረታ ሰነድ ዛሬ በብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዘንድ በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት በኩል ይጫናል፡፡ የአስመጪው ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስትና ቢል ኦፍ ሎዲንግ ከአቅራቢው ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ትራንዚተር በኢሜይልና በቴሌግራም ይመላለሳል፡፡ አክሲዮን ገዥውም ቢሆን የኩባንያውን ሒሳብ የሚያገኘው በስልኩ ነው፡፡ ይህ ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥቅል ይመጣል፤ ስሙም ፒዲኤፍ ነው፡፡

ጣጣው የሚመጣው ጥቅሉ ሲያብጥ ነው፡፡ የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባው፣ የኦዲት ሪፖርቱና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤዎቹ ሁሉ በቀለም ስካን ተደርገው በአንድ ፋይል ሲታጨቁ ሰማንያና መቶ ሜጋባይት ቢደርሱ አያስገርምም፡፡ ጂሜይል ደግሞ በአንድ መልእክት የሚፈቅደው አባሪ 25 ሜጋባይት ነው፡፡ ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ኢሜይል አባሪውን ለጉዞ ሲያዘጋጀው መጠኑን በሲሶ ያህል ያሳድገዋል፡፡ ስለዚህ “10 ሜጋባይት እቀበላለሁ” የሚል ሰርቨር 8 ሜጋባይቱን ፋይል ቢመልስ አልዋሸም፡፡

እንግዲህ ፋይሉን መቁረጥ ግድ ይሆናል፡፡ በዚህን ጊዜ ነጋዴው የሚሄድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱን አንወዳቸውም፡፡

የመጀመሪያው የተሰረቀ አክሮባት መጫን ነው፡፡ አዶቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በነፃ የሚያድለው፣ በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ሪደር ሰነድ ያነባል እንጂ ገጽ አይነጥልም፡፡ የሚነጥለው አክሮባት ክፍያው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ነው፡፡ በመሆኑም ቁልፉ የተሰበረው ቅጂ በፍላሽ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፡፡ ቁልፉን የሰበረው ሰው ከፕሮግራሙ ጋር ምን አብሮ እንደጨመረበት የሚያውቅ ግን የለም፡፡ የኩባንያው የባንክ ደብዳቤና የሠራተኛ ደመወዝ መዝገብ በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ እንግዳ ማሳደር የንግድ ሰው ሥራ አይመስለንም፡፡

ሁለተኛው መንገድ ቀላሉ ነው፤ ስለዚህም አብዛኛው ሰው የሚሄድበት ነው፡፡ በኢንተርኔት “ፒዲኤፍ በነፃ ቁረጥ” ብሎ ፈልጎ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰነዱን መጫን ነው፡፡ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ጎራ ያለ ሰው ይህንኑ ያያል፤ ልጁ ፋይሉን ከደንበኛው በቴሌግራም ይቀበላል፣ ወደ ውጭ ሰርቨር ይልካል፣ የተቆረጠውን ያወርዳል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፡፡ ዋናው ፋይል እዚያው ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ቀርቶ የሚቀጥለውን ደንበኛ ይጠብቃል፡፡ የሚቀጥለው ደንበኛ በዚያው ጨረታ የሚወዳደር ባለሱቅ ቢሆንስ?

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚነገር ነገር አለ፤ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ወጪውን ከአንድ ወገን መሸፈኑ አይቀርም፡፡ ዋጋው ዜሮ የሆነ ነገር ሲያጋጥመን ከፋዩ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርብናል፡፡ የታወቁት ድረ ገጾች ወጪያቸውን የሚሸፍኑት በማስታወቂያና የበለጠ አገልግሎት በሚፈልጉ ከፋይ ደንበኞች ነው፤ ፋይሉንም በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ እናጠፋለን ብለው የሚጽፉ አሉ፡፡ ቃላቸውን ይጠብቁ ይሆናል፡፡ ችግሩ እነሱን መስለው የሚነሱት ናቸው፡፡ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የዴንቨር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በነፃ ፋይል እንለውጣለን፣ እናጣምራለን የሚሉ አታላይ ገጾች የጠየቋቸውን ሥራ እየሠሩ ጎን ለጎን ቫይረስ እንደሚያስገቡና ከተጫነው ሰነድ ውስጥ የግል መረጃ እንደሚለቅሙ ገልጿል፡፡ ሥራው በትክክል ስለሚሠራ ተጠቃሚው የሚጠረጥረው ነገር አይኖርም፡፡

ለእኛ ነጋዴዎች ጉዳዩ ከዚህም ይሰፋል፡፡ የጨረታ ዋጋ እስኪከፈት ድረስ ምስጢር ነው፡፡ የአቅራቢው ኢንቮይስ ዕቃው ከየት፣ በስንት እንደተገዛ ይናገራል፤ ይህንን ለማወቅ ተወዳዳሪ ምን ያህል እንደሚከፍል ደላላ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ የሠራተኞች መታወቂያና የደመወዝ ዝርዝር ደግሞ የነጋዴው ብቻ ንብረት አይደለም፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሌላ ሰው መረጃ በእጁ የያዘውን ድርጅት ተጠያቂ ያደርጋል፤ መረጃው ከአገር ሲወጣም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፡፡ ሰነዱን ወደማይታወቅ የውጭ ሰርቨር የላከው የኮፒ ቤቱ ልጅ ነው ብሎ ማምለጥ የሚቻል አይመስለንም፡፡

ሦስተኛውና የምንደግፈው መንገድ በገዛ ኮምፒውተር ላይ፣ ኢንተርኔት ተነቅሎ ሊሠራ የሚችለው ነው፡፡ ይህ የሚቻለው በአጋጣሚ አይደለም፡፡ ፒዲኤፍን አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ሲያቀርበው የራሱ ንብረት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት አይ.ኤስ.ኦ. 32000 በሚል ቁጥር የጋራ ደረጃ ሆነ፡፡ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ፕሮግራም ጸሐፊ ሊሠራበት ይችላል፤ ውድድሩ በረታ፣ የመቁረጫው ዋጋ ዜሮ ደረሰ፡፡ አሠራሩ በይፋ የተገለጠ ስለሆነ ነፃው መቁረጫ የተሰረቀ ዕቃ አይደለም፡፡

ከእነዚህ መካከል ፒዲኤፍሳም ቤሲክ የተባለውን እንመርጣለን፡፡ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ሰነዱ ከኮምፒውተሩ አይወጣም፡፡ አንዱን ፋይል በየገጹ፣ በተመረጠ ገጽ ላይ፣ በምዕራፍ ምልክቱ ወይም በመጠኑ ይቆርጣል፡፡ “ከ5 ሜጋባይት የማይበልጡ አድርገህ ክፈለው” ማለት ይቻላል፤ ለጨረታ ሰው የሚጠቅመው ይህኛው ነው፡፡ ሲጫን የሚከፈልበትን ወንድሙን ሊያስተዋውቅ ስለሚችል ሣጥኖቹን እያነበቡ ማለፍ ነው፡፡ ከጥቁር ስክሪን ጋር የተለማመደ የሒሳብ ክፍል ባለሙያ ካለ ደግሞ ኪውፒዲኤፍ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሰነዱን በገጽ ይቆርጣል፡፡

ምንም መጫን የማይፈልግ ሰው እጁ ላይ ባለው ክሮም ወይም ኤጅ ሰነዱን ይክፈት፣ የማተሚያውን ትእዛዝ ይስጥ፣ በፕሪንተሩ ምትክ “ፒዲኤፍ አድርገህ አስቀምጥ” የሚለውን ይምረጥ፣ የሚፈልጋቸውን ገጾች ለምሳሌ 1-5 ብሎ ይጻፍ፡፡ አለቀ፡፡ በዚህ መንገድ የወጣው ፋይል የምዕራፍ ምልክቶቹን ሊያጣ ይችላል እንጂ ለተራ ደብዳቤ ይበቃል፡፡ በማክ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሪቪውም ገጹን በመጎተት ብቻ ይነጥላል፡፡

ነጋዴው ሳያውቅ የሚከስርባቸው ነገሮች አሉ፡፡ በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ሰነድ አይቆረጥም፡፡ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 የሚያውቀው ዓይነት ፊርማ ከሙሉው ፋይል ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ገጽ ሲነሳ ማረጋገጫው ይፈርሳል፡፡ ስካን የተደረገ ማኅተም ሥዕል ነው፣ ይህኛው ቁልፍ ነው፤ ሁለቱን የሚያደበላልቅ ሰው ብዙ ነው፡፡ የቴክኒክና የፋይናንስ ሰነድ ለየብቻ በሚጠየቅበት ጨረታ ደግሞ ሲቆርጡ ዋጋ ያለበት አንድ ገጽ ወደ ቴክኒኩ ቢያልፍ ተጫራቹን ከውድድር ሊያስወጣው ይችላል፡፡ የተቆረጠውን እያንዳንዱን ፋይል ከመላክ በፊት ከፍቶ እስከ መጨረሻው ገጽ ማየት አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፡፡

ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያስፈልገው መቁረጥ ሳይሆን አስቀድሞ በልክ ስካን ማድረግ ነው፡፡ ጥቁርና ነጭ የሆነን ደብዳቤ በሙሉ ቀለምና በ600 የጥራት ደረጃ ስካን ማድረግ ትርፉ ክብደት ነው፤ 200 ወይም 300 ለንባብ ከበቂ በላይ ነው፡፡ ሰነድ ተቀባይ መሥሪያ ቤቶችም የፋይል መጠን ወሰናቸውን በጨረታ ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ቢጽፉ የሚያወጡት ተጨማሪ ወጪ የለም፡፡ ተጫራቹ ወሰኑን የሚያውቀው ሰዓቱ ሊሞላ ሲል በቀይ ጽሑፍ መሆኑ ግን ተገቢ አይደለም፡፡

አንድ ነገር ለአክሲዮን ደላሎችና ለደንበኞቻቸው እንጨምራለን፡፡ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ ስንቱ ገዥ ሙሉውን የደንበኛ ሳቢ መግለጫ እንዳነበበ እንጠራጠራለን፡፡ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በዚያው ዓመት ጥር ወር ስለተመረቀ እንዲህ ያሉ ወፍራም ሰነዶች እየበዙ ይሄዳሉ፡፡ ደላላው ደንበኛውን ለመርዳት ሲል የትርፍና ኪሣራውን ሰንጠረዥ ቆርጦ በቴሌግራም ይልካል፡፡ ርዳታው ጥሩ ነው፡፡ ይሁንና ተቆርጦ የሚቀረው ዘወትር ስለ ሥጋት የሚናገረው ክፍል ነው፤ ገዥው ትርፉን አይቶ ዕዳውንና የፍርድ ቤቱን ክርክር ሳያይ ይፈርማል፡፡ ቆርጦ የሚልክ ሰው በፋይሉ ስም ላይ “ከ180 ገጽ ውስጥ ከገጽ 40 እስከ 52” እንደማለት ይጻፍ፣ ሙሉው የሚገኝበትንም አድራሻ ያያይዝ፡፡ ደንበኛውም ይህ ያልተጻፈበት ቁራጭ ሲደርሰው የቀረውን ይጠይቅ፡፡