ጭራቁ ከወዴት ይመጣል?

መንፈስና ጭራቅ የሚታይበት የቴሌቪዥን ድራማ ሲነሣ፥ ብዙ ሰው የልጆች ማስፈራሪያ ነው ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ የሚፈራውን ያወቀ ሰው፥ የሕዝቡን ጠባይ ግማሹን ዐወቀ ማለት ነው። ስለዚህ በአሜሪካ የተሠሩ ሁለት ተከታታይ ድራማዎችን ጎን ለጎን መመልከት ይጠቅማል። አንደኛው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1959 እስከ 1964 የታየው «ዘ ትዋይላይት ዞን» ሲሆን፥ ሁለተኛው በ2016 ተጀምሮ በ2025 መጨረሻ የተፈጸመው «ስትሬንጀር ቲንግስ» ነው።

የፊተኛው ዋና ደራሲ ሮድ ሰርሊንግ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ የተዋጋ ወታደር ነበር። በ1955 በሚሲሲፒ የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ ኤመት ቲል ተገድሎ ተከሳሾቹ ነጮች በነጻ በተለቀቁ ጊዜ፥ ሰርሊንግ ነገሩን መነሻ አድርጎ ድራማ ጻፈ። ዳሩ ግን የፕሮግራሙን ወጪ የሚከፍሉት ሰዎች የደቡብን ሕዝብ ቅያሜ ስለ ፈሩ፥ ቦታው ወደ ሰሜን ተዛወረ፤ ሟቹም ስሙ የማይታወቅ የውጭ አገር ሰው ሆኖ በ1956 ታየ። ከዚህ በኋላ ሰርሊንግ ዘዴውን ለወጠ። እንደ እኛ ባለቅኔዎች ወርቁን በሰም ሸፈነው፤ ጭራቁ ሰም ሆነ፥ ወርቁ ግን ጎረቤት።

ለዚህ ምስክሩ በ1960 የታየው የሜፕል መንገድ ታሪክ ነው። በአንድ ሰላማዊ ሠፈር መብራት ይጠፋል፤ ነዋሪዎቹም በመካከላችን ከሌላ ዓለም የመጣ አለ እያሉ እርስ በርሳቸው ይጠራጠራሉ። በጨለማ የሚመጣውን ሰው ጭራቅ ነው ብለው በጥይት ሲጥሉት፥ ሌላ መንደር አይቶ የሚመለስ ጎረቤታቸው ሆኖ ይገኛል። ከሰማይ የመጡት እንግዶች በእርግጥ አሉ፤ ነገር ግን መብራት ከማጥፋት በቀር አንድም ሰው አልነኩም። የቀረውን የሠሩት የሠፈሩ ሰዎች ናቸው።

ማትና ሮስ ደፈር የተባሉት ወንድማማቾች የፈጠሩት አዲሱ ድራማ፥ የልጆችን ጓደኝነት በማሳየት በኩል እጅግ ያማረ ነው። በ2022 በታየው አራተኛ ክፍሉም የሜፕል መንገድን የሚመስል ነገር አለ። በ1986 ሆነ ተብሎ በሚተረከው በዚህ ክፍል፥ ኤዲ የተባለ ወጣት ጠጉሩን ስላስረዘመና የተረት ጨዋታ ስለሚጫወት ጭምር፥ የሰይጣን አምላኪ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ በከተማው ይታደናል።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። በአዲሱ ድራማ ገዳዩ ቬክና የተባለ እውነተኛ ጭራቅ ነው። ከተማው ሰውየውን ሳተ እንጂ ጭራቅ መኖሩን አልሳተም። ተመልካቹም ቬክና ሲሸነፍ ክፋት ተሸነፈ ብሎ በሰላም ይተኛል። የቀድሞው ድራማ ግን ይህን ዕረፍት አይሰጥም፤ ጠመንጃውን የተኮሰው እንደ እኔና እንደ አንተ ያለ ሰው ነውና። በብልሃት አዲሱ ቢበልጥም፥ በድፍረት የሚበልጠው አሮጌው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ማረሻውንና ምጣዱን እየሰጡን፥ ቡዳ ተብለው ሲሸሹ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ማዘዛቸውም፥ ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ዛሬ ተማሪ የሆነ ነገ ክስ ይሰማል፤ በቢሮ የተቀመጠውም ወሬ ይደርሰዋል። መብራት በጠፋ ጊዜ፥ ሁሉም አንድ ሰው ላይ ጣቱን ሲቀስር፥ ማስረጃው የት አለ ብሎ መጠየቅ የተማረ ሰው ግዴታ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በችኮላ የተተኮሰ ጥይት ግን አይመለስም።